መውጫው የት እንደሚሆን አስቀድማችሁ ንገሯቸው

ለአገራችን የመንገድ ሥራ ኃላፊዎች፣ ለቀያሽ መሐንዲሶች እና ለመንገድ ዳር ከተሞች ከንቲባዎች

ጉዳዩ፦ ዋና መንገድ ከከተማ ሲርቅ ለነዋሪው መነገር ስለሚገባው ነገር

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ወጣትነቴን በጅቡቲ መስመር በረዳትነት አሳለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ላስ ቬጋስ ተቀምጬ በካሊፎርኒያና በአሪዞና በረሃ ጭነት አመላልሳለሁ። ስለ መንገድ የማውቀው መሪ ጨብጬ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ አክስቴ ናት።

አክስቴ ከአዳማ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ ሻይ ቤትና ስድስት አልጋዎች አሏት። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ስለ አንዲት ከተማ ብቻ እንዳይመስል ነው። ባለፈው ወር ደወለችልኝ። ከከተማው ጀርባ፣ ከጉብታው ማዶ፣ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ሲተክሉ ያዩ ልጆች ነግረዋታል። «መንገዱ በዚያ ሊሄድ ነው ይላሉ። ቀበሌ ሄጄ ብጠይቅ ‹እኛም እንደ አንቺው ነው የሰማነው› አሉኝ» አለች። እርሷን የጨነቃት ግን ችካሉ አልነበረም። ከብድርና ቁጠባ ገንዘብ ወስዳ አራት አልጋ ልትጨምር አስባለች። ብሎኬቱን አስጭናለች፤ ቆርቆሮው ይቀራል። «አንተ ያለህበት አገር መንገድ ሲያዛውሩ ባለ አልጋዎቹ ምን ይሆናሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን እንደሚሆኑ አይቻለሁ። ለእርሷ በስልክ የነገርኳትን ለእናንተም በጽሑፍ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካሊፎርኒያ ባለው ሞሃቪ በረሃ ውስጥ አምቦይ የምትባል ከተማ አለች፤ ከተማ ማለት ካስፈለገ። እኔ ዘወትር የምነዳው በስተ ሰሜን በሚያልፈው፣ ኢንተርስቴት 40 በሚባለው የፍጥነት መንገድ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ አምቦይን ማየት አይቻልም። አንድ የዕረፍት ቀን በራሴ መኪና ወጥቼ፣ ኬልቤከር የሚባለውን መንገድ ይዤ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ተራራው ሲያልቅ ከፊት ለፊት ነጭ የጨው ሜዳ ይዘረጋል። በአንድ በኩል የጠፋ እሳተ ገሞራ ጥቁር ጉብታ አለ። በዚያ ባዶ መሬት መካከል መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ከፍታው 15 ሜትር ይሆናል፤ ቀይና ጥቁር ነው፣ ቀስት አለው፣ «ሮይስ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ሞቴልና ካፌ መኖሩን ይናገራል።

እኔ በሄድኩበት ጊዜ ሞቴሉ አያስተኛም ነበር። ነጫጮቹ ትናንሽ ክፍሎች በተርታ ቆመዋል፤ በሮቹ ዝግ ናቸው። የእንግዳ መቀበያው ጣሪያ በአንድ ወገን ወደ ሰማይ የተወረወረ ይመስላል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ ባንኮኒው እንዳለ ቆሟል። አክስቴ ቤት ከባንኮኒው በስተጀርባ ቁልፎቹ በምስማር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ስድስት ምስማር፣ ስድስት ቁልፍ። ማታ አራት ሰዓት ላይ አንድም ቁልፍ ከሌለ አክስቴ ደስ ብሏታል ማለት ነው። ያን አስታውሼ እዚያ መስታወት ላይ ግንባሬን አስደግፌ ትንሽ ቆየሁ። ከኋላዬ የጭነት ባቡር አለፈ። ፉርጎዎቹን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት፤ ፍጥነቱንም አልቀነሰም።

ያችን ከተማ የወለዳት ያው ባቡር ነው። በ1883 ሐዲዱ በበረሃው ሲዘረጋ መሐንዲሶቹ ለጣቢያዎቹ ስም ያወጡት በፊደል ተራ ነበር፦ አምቦይ፣ ብሪስቶል፣ ካዲዝ፣ ዳንቢ፣ ኤሴክስ፣ ፌነር፣ ጎፍስ። በእነርሱ ፊደል ሀ፣ ለ፣ ሐ እንደማለት ነው። ለከተማ እንዲህ ስም የሚያወጣ ሰው ካርታውን እንጂ አገሩን እንዳላየ ያስታውቃል። የአምቦይ የከርሰ ምድር ውሃ ጨው ስለሆነ የሚጠጣው ውሃ ራሱ በባቡር ተጭኖ ይመጣ ነበር። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ በ1926 ከቺካጎ ተነስቶ ሎስ አንጀለስ የሚደርሰው አውራ ጎዳና 66 በሐዲዱ ጎን ለጎን መጣላቸው። ሮይ ክራውል የተባለ ሰው በ1938 ነዳጅ ማደያና ጋራዥ ከፈተ። አማቹ ቡስተር በሪስ ደግሞ ካፌውን፣ አልጋዎቹን፣ መጎተቻ መኪናዎቹን ጨመረበት። የኤሌክትሪክ መስመሩን ሳይቀር ምሰሶ እየተከለ ያስገባው እርሱ ራሱ ነው ይባላል።

የዚያን ጊዜ መኪና ማቀዝቀዣ የለውም፤ በበጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ይበልጣል። ራዲያተር ይፈላል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ልጅ ያለቅሳል። አዋሽ ቆላን በቀትር ያቋረጠ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ በሙሉ መኪና ይዞ ወደ ምዕራብ ሲነዳ፣ የቡስተር ቤት ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነበር። የከተማዋ ሕዝብ 700 ደርሶ ነበር ይባላል። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ፖስታ ቤት ነበራት። የእኛን ጎሚስታ፣ ሥጋ ቤት፣ አልጋና ሻይ ቤት በአንድ ባለቤት እጅ አስቡት።

አሁን እናንተን ወደሚመለከተው ልምጣ።

በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የኢንተርስቴት መንገዶችን ሕግ ፈረሙ። በመላ አገሪቱ ሰፊ፣ መስቀለኛ መንገድ የሌለው፣ መውጫና መግቢያው የተወሰነ የፍጥነት መንገድ እንደሚሠራ ከዚያ ቀን ጀምሮ የታወቀ ነገር ነበር። ያ 15 ሜትር ሰሌዳ መቼ የቆመ ይመስላችኋል? በ1959። ሕጉ በተፈረመ በሦስተኛው ዓመት ማለት ነው። ሰውየው ያለ የሌለ ገንዘቡን ሰሌዳ ላይ ሲያፈስ፣ ሰሌዳውን የሚያይ መኪና እንዳይኖር የሚያደርገው ሕግ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ይህ አልበቃም። በ1963 የካሊፎርኒያ መንገድ መሥሪያ ቤት፣ የሳንታ ፌ ምድር ባቡርና የአሜሪካ አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አንድ ጥናት አወጡ። ከአምቦይ በስተ ሰሜን ያለውን የብሪስቶል ተራራ ሰንጥቆ መንገዱንና ሐዲዱን ለማሳለፍ ሐሳቡ ምን ነበር መሰላችሁ? 22 የኑክሌር ቦምብ ቀብሮ ማፈንዳት። ቀልድ አይደለም፤ ኬሪኦል የሚል ስም የተሰጠው፣ ሥዕሉና ስሌቱ ያለቀ እቅድ ነበር። ኋላ ቀረና መንገዱ በተለመደው ቁፋሮ ተሠራ። እኔ በየሳምንቱ በዚያ ተራራ ሳልፍ ስለ ቦምቡ አስባለሁ፤ ከቦምቡ ይልቅ ግን ስለ ቀኑ። በ1963 አዲሱ መንገድ በየትኛው ተራራ በኩል እንደሚያልፍ በወረቀት ላይ ሰፍሯል። አምቦይ ከመንገድ የምትወጣው ገና ወደ አሥር ዓመት ግድም ቆይቶ ነው። አሥር ዓመት! በአሥር ዓመት ውስጥ ሰው ሙያ ይቀይራል፣ ንብረቱን ሸጦ ይነሳል፣ ልጁን ሌላ ከተማ አስተምሮ ያቋቁማል።

ኢንተርስቴት 40 በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ። እዚያ የነበሩት ሰዎች የሚያወሩት ሁሉ አንድ ነው፤ ቀስ በቀስ የሚባል ነገር አልነበረም። ትናንት መኪና ሲጎርፍበት የነበረው መንገድ በማግስቱ ጭር አለ። አዲሱ መንገድ ከአሥር ማይል ገደማ በላይ አልራቀም፤ ግን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው አሥር ማይል ሌላ አገር ነው። ሕዝቡ እየለቀቀ ሄደ። ትምህርት ቤቱ እስከ 1999 ተንጠልጥሎ ቆይቶ ተዘጋ። ቡስተር በ2000 አረፈ።

እንግዲህ መንገድ የገደላት ከተማ ብሎ ማልቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አላለቅስም። ሹፌር ነኝ። አሮጌው መንገድ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ሰው የሚፈጅ ነበር። የፍጥነት መንገድ ማለት በሰላም ቤት መግባት ነው፤ የሞጆንና የአዋሽን መታጠፊያ በሌሊት ያየ ሁሉ ይመሰክራል። መንገዱ አይሠራ የሚል ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ለዚህም ሁለት የአምቦይ ጎረቤቶችን ላሳያችሁ።

ከአምቦይ ወደ ምዕራብ ባግዳድ የምትባል ከተማ ነበረች። ከ1912 እስከ 1914 ድረስ 767 ቀን ዝናብ ሳይጥልባት በመቆየቷ በመዝገብ ሰፍራለች። ያን ድርቅ አልፋ የኖረች ከተማ መውጫ ማጣትን አላለፈችውም። ዛሬ አንድም ሕንፃ የላትም፤ ካልነገሯችሁ አልፋችኋት ትሄዳላችሁ። ከዚያው ትንሽ ወደ ምዕራብ ደግሞ ሉድሎው አለች። ሉድሎውም ያው የባቡር ጣቢያ ነበረች፣ ያው አውራ ጎዳና 66 ያለፈባት፣ ያው አሸዋ። ዛሬ ነዳጅ ማደያና ካፌ አላት፤ እኔ ራሴ እዚያ ቡና እጠጣለሁ። አላደገችም፤ አሮጌ ቤቶቿም ፈርሰዋል። ግን መብራቷ ይበራል። በሉድሎውና በባግዳድ መካከል ያለው ልዩነት የሕዝቡ ትጋት አይደለም። አዲሱ መንገድ ሉድሎው ላይ መውጫ አለው። ከመውጫው በፊት «ነዳጅ፣ ምግብ» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ ተተክሏል። ነገሩ ይኸው ነው። ሹፌር ከተማ አይመርጥም፤ ሰማያዊ ሰሌዳ አይቶ ፍሬቻ ያበራል።

ሌላም ነገር አለ፤ እዚህ ብዙ ሹፌር ራሱ ልብ የማይለው። ኢንተርስቴት ላይ የመንግሥት ማረፊያ ቦታዎች አሉ፦ መጸዳጃ ቤት፣ ውሃ፣ ጥላ፣ መኪና ማቆሚያ። ነዳጅና ትኩስ ምግብ ግን አይሸጥባቸውም። ስንፍና አይደለም፤ የፌዴራል ሕግ ነው። ከሕጉ በፊት የተሠሩ አንዳንድ የክፍያ መንገዶች ሲቀሩ፣ በአጥሩ ውስጥ ንግድ ክልክል ነው። የራበው ሰው መውጣት፣ ወጥቶም በመውጫው አጠገብ ካለው ከተማ መብላት አለበት። የአምቦይን ዕዳ ያየ ሕግ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሉድሎውን ግን ይመግባል። በእኛ አገር የፍጥነት መንገድ ዳር ትልልቅ ማረፊያ ሲታቀድ፣ ሬስቶራንቱና ማደያው በአጥሩ ውስጥ ከገባ፣ ከውጭ ያሉት ሴቶች ጀበናቸውን ለማን ያቀርባሉ?

«የአዳማው መንገድ ማንን ጎዳ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ መንገዱ በ2014 ሲከፈት ቢሾፍቱም ሞጆም አልሞቱም። ቢሾፍቱ ሐይቅ አላት፤ ሞጆ ደረቅ ወደብና የቆዳ ፋብሪካ አላት። መተሐራም ስኳር አላት። እኔ የምፈራው አላፊ አግዳሚውን ብቻ ይዘው ለሚኖሩት ነው፤ ወደ ቆላ በወረድን ቁጥር ደግሞ እነርሱ ይበዛሉ። መቂ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴት፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ ይዞ መኪና የሚያስቆመው ልጅ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ። የእነርሱ ሱቅ መንገዱ ራሱ ነው። ባቡሩም እኮ አስተምሮን ነበር። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የ784 ኪሎ ሜትሩ አሮጌ ሐዲድ ድሬዳዋን ወልዷል፣ አዋሽን የምሳ ሰዓት ሰጥቷታል፤ ተሳፋሪው ቡፌ ዳዋሽ ገብቶ ሳይበላ አይነሳም ነበር። በ2016 አዲሱ ሐዲድ ሲመጣ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ውጭ ሆኑ። አሮጌው ጣቢያ ደጃፍ ላይ ሙዝና እንቁላል ይዘው መስኮት ለመስኮት ይሮጡ የነበሩት ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ አለ?

ካሳም የሚረዳቸው አይመስለኝም። ካሳ መሬቱ ለተወሰደበት፣ ቤቱ ለፈረሰበት ነው። የአክስቴን ቤት ማንም አይነካውም፤ ግድግዳዋ ላይ ቁጥር የሚጽፍ፣ ለመለካት ሜትር የሚዘረጋ አይመጣም። የሚወሰድባት ደንበኛዋ ነው። እዚህ አሜሪካም ሕጉ ለዚህ አይከፍልም፤ መንገድ ዞሮብኝ ገበያዬ ቀረ ብሎ ለሚከስ ሰው ፍርድ ቤቶች በሩን ዘግተውበታል። ካሳው ከሌለ የሚቀረው ወሬው ነው፤ ወሬው ቢያንስ በጊዜው ይምጣ።

አምቦይ ኋላ ተነሳች የሚል ካለ፣ አዎ፣ ጥቂት ተነሳች። በ2005 አልበርት ኦኩራ የተባለ፣ በሳን በርናርዲኖ የተጠበሰ ዶሮ በመሸጥ የከበረ ሰው፣ መላ ከተማዋን በ425,000 ዶላር ገዛት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማደያውን ከፈተ፤ በ2019 ያ ሰሌዳ እንደገና በራ። በ2023 ሰውየው ሲሞት ልጁ ተረከበ። ዛሬ ከአውሮፓና ከጃፓን ሰዎች እየመጡ ሰሌዳው ሥር ፎቶግራፍ ይነሳሉ፤ ለስላሳ ጠጥተው ይሄዳሉ። እኔም ጠጥቻለሁ፤ ነዳጁም ውድ ነው። ይሁንና ይህ የሆነው አውራ ጎዳና 66 በዓለም የታወቀ ስም ስለሆነ ነው። የእኛን የቆላ ከተሞች ስም በካናቴራ ላይ አትሞ የሚሸጥ፣ ከቶኪዮ መጥቶ የአክስቴን ሻይ ቤት ፎቶ የሚያነሳ የለም። ለነገሩ ስም ያላት አምቦይ እንኳ የምትመካበት አሮጌ መንገድ በ1930 አካባቢ በተሠሩ ከመቶ በላይ የእንጨት ድልድዮች ላይ የቆመ ነው። ጎርፍ በመጣ ቁጥር አንዱ ይሄዳል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ለጥገናው ገንዘብ እስኪገኝ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ አዲሱ ሲመረቅ አሮጌው መንገድ በማን በጀት እንደሚጠገን አብሮ ይወሰን። አለበለዚያ ከተማዋ ደንበኛዋን ብቻ ሳይሆን ሐኪም ቤት መሄጃዋንም ታጣለች።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የመንገዱ መስመር በወረቀት ላይ በጸና ሰሞን፣ መውጫዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ የሚያሳይ አንድ ካርታ አትማችሁ በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉልን፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ፣ በሱማሌኛ፣ የአካባቢው ሰው በሚያነበው ቋንቋ። መስመሩ ተለውጦ እንደሆነ የተለወጠውን ለጥፉ። ከባድ መኪና ማቆሚያ መሥራታችሁ ካልቀረ፣ ከነባሮቹ ከተሞች በእግር በሚደረስበት ቦታ ሥሩት። ከንቲባዎችም ቢሆኑ የምርቃቱን ሪባን ከመጠበቅ፣ ቅየሳው ሳያልቅ ሄደው «የእኛ መውጫ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። መውጫ ከሌለ የለም ይባል። የለም የሚለውም ቃል ለባለ አልጋ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ብሎኬቱን ሳያስጭን ከሰማው።

አክስቴ ትናንት ማታ እንደገና ደውላለች። ባለ ቆርቆሮው ዋጋ ሊጨምር ነው ብሎ እያጣደፋት ነው፤ የብድርና ቁጠባው ቀጠሮም ሰኞ ነው። ችካሉ አሁንም እዚያው ቆሟል፤ ልጆቹ ሁለቱን ነቅለው የጉሊት ዳስ ማቆሚያ አድርገዋቸዋል። «ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ሳምንት ቆዪ፣ የሚያውቁትን ሰዎች በደብዳቤ ጠይቄልሻለሁ አልኳት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከባድ መኪና ሹፌር
ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ